የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ከቤት ሆኖ ለመጨረስ፦ ከምዝገባው በፊት ጀምሩ

ኦንላይን ኮርስ የጀመረ ሰው ሞልቷል፤ የጨረሰው ግን ጥቂት ነው። ትምህርቱ ስለከበዳቸው ብቻ የሚያቆሙ አይመስለኝም። ዳታ ያልቅባቸዋል፣ መብራት ይጠፋል፣ የማስረከቢያው ሰዓት ያልፋል፣ ከዚያ "በቃ የሚቀጥለው ሳምንት እይዘዋለሁ" እንዳሉ በዚያው ይቀራል። ይህን ሁሉ ግን ቀድማችሁ ልትዘጋጁበት ትችላላችሁ። በምሳሌነት የማነሳው የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ሲኤስ50 የሚባል ኮርስ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ነው፣ በነፃ ነው፣ ኮድ (ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትዕዛዝ) ጽፎ የማያውቅ ሰውም ይጀምረዋል።

1. የምትፈልጉትን ለዩ

እውቀቱ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ኦፕን ኮርስዌር የሚባለውን የአሜሪካውን ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ድረገጽ ክፈቱ። ምዝገባ የለውም፣ ሰርተፍኬትም የለውም፤ የብዙ ኮርሶችን ማስታወሻና ፈተና አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ታጠናላችሁ። ሰርተፍኬት ከፈለጋችሁ ኮርሴራና ኢዲኤክስ የሚባሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶችን የሚያቀርቡ ድረገጾች አሉ፤ እነሱ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰርተፍኬቱ ይከፈልበታል። የዶላር ካርድ የሌለው ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ይቆርጣል። ኮርሴራ ላይ እኮ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ! ገቢያችሁንና ኮርሱ ለምን እንደሚጠቅማችሁ በራሳችሁ ቃል ትጽፋላችሁ። መልሱ በዕለቱ ስለማይመጣ ቀደም ብላችሁ ሙሉት።

ሲኤስ50 ሁለት ዓይነት ሰርተፍኬት አለው። አንዱ በኢዲኤክስ በኩል የሚከፈልበት ነው፣ ሌላው ኮርሱ ራሱ በነፃ የሚሰጠው። ለጀማሪ ነፃው ይበቃዋል ባይ ነኝ።

የምትፈልጉት ሙሉ ዲግሪ ከሆነ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ ስለ አቻ ግምት፣ ማለትም ዲግሪው እዚህ አገር ይታወቅ እንደሆነ ጠይቁ። ከፍሎና ተምሮ ከጨረሱ በኋላ መጠየቅ በጣም ያማል።

2. ስማችሁን አንድ አድርጉ

ፎርሙ ላይ "የቤተሰብ ስም" የሚል ቦታ ይመጣል። የአባት ይሁን የአያት? ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉት፤ ፓስፖርት ከሌላችሁ ፋይዳችሁ ላይ እንዳለው። የእንግሊዝኛ ፊደሉም አንድ ይሁን። የትውልድ ዘመናችሁን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ።

3. ሰዓቱን ዛሬውኑ ቀይሩት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔም ተጎድቼበታለሁ። አንድ ኮርስ ላይ ፈተናው የሚዘጋው "12፡00 ፒኤም ዩቲሲ" ይላል (ዩቲሲ የአገሮች ሰዓት የሚሰላበት ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ነው)። ማታ 12 ሰዓት ነው ብዬ ከሥራ ስመለስ፣ ልክ 11 ከሩብ ላይ ከፈትኩት። ተዘግቷል። የእነሱ 12 ሰዓት እኩለ ቀን ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት። አንድ ወር የለፋሁበት ነበር።

ስለዚህ ዩቲሲ ካለ መጀመሪያ 3 ሰዓት ደምሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሩት። 23፡59 ዩቲሲ ማለት እኛ ጋ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ሰዓቱ የኒውዮርክ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፤ እነሱ በፈረንጆቹ ማርችና ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ አንዴ አስልቶ መተው አይሆንም። በእኛ ሰዓት ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ለራሳችሁ ደግሞ የማስረከቢያውን ቀን በአንድ ቀን አስቀድሙት።

4. ቪዲዮውን አውርዱ

ሌክቸር በቀጥታ እያዩ መማር ዳታ ይጨርሳል። የሌሊት ጥቅል ግዙና የሳምንቱን አንዴ አውርዱ። የሲኤስ50 ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሌክቸር በተለያየ ጥራት ተቀምጧል፤ ዝቅ ያለውን ውሰዱ፣ ጽሑፉ በደንብ ይነበባል። ድምፁ ብቻም አለ፣ ታክሲ ውስጥ ይሰማል። ንግግሩ የተጻፈበትን ጽሑፍም አውርዱ፤ መምህሩ ዴቪድ ማላን ፈጠን ብሎ ነው የሚናገረው፣ አነጋገሩ ያመለጣችሁን እዚያ ታገኙታላችሁ።

5. መጀመሪያ በወረቀት ሥሩ

የሲኤስ50ን ኮድ የምትጽፉት ብራውዘር ላይ፣ በጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረገጽ) አካውንት ገብታችሁ ስለሆነ ኔትወርክ ይፈልጋል። ማሰብ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ማርዮ የሚባለውን የኮርሱን መልመጃ ውሰዱ፤ በሃሽታግ (#) ምልክት ወደ ቀኝ የተጠጋ ደረጃ መሥራት ነው። መብራት ሲጠፋ ባለ ካሬ ደብተር አውጡ። ቁመቱ 4 ነው እንበል። አንደኛው መስመር ላይ 3 ባዶ ቦታና 1 ሃሽታግ፣ ሁለተኛው ላይ 2 ባዶና 2 ሃሽታግ፣ ሦስተኛው 1 ባዶና 3፣ የመጨረሻው 4 ሃሽታግ ብቻ። አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እዩአቸው። ባዶው ሲቀንስ ሃሽታጉ በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ድምሩ ሁሌም 4 ነው። ይህ ከገባችሁ ኮዱን ለመጻፍ የቀራችሁ ሥራ ትንሽ ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል።

ከኢንተርኔት የሰው መልስ ገልብጣችሁ አታስረክቡ። ኮርሱ ይከለክለዋል። ደግሞ ያለ ክፍያ የመጣችሁት ለመማር ነው፣ የተገለበጠ ነገር ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይሠራላችኋል?

6. የመጨረሻው ፕሮጀክት

እዚህ የራሳችሁን ነገር ትሠራላችሁ። የሰፈራችሁን ሱቅ የዱቤ ደብተር ወደ ኮምፒውተር መቀየርም ይሆናል፣ የዕቁብ ተራ መመዝገቢያም ይሆናል። ሥራችሁን የሚያሳይ ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ዩቲዩብ ላይ መጫን አለባችሁ። መጫን ከማውረድ ይዘገያል። በመጨረሻው ምሽት አትሞክሩት፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰው ሳይነሳ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ጫኑት፣ ከዚያ ሊንኩን በሌላ ስልክ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው መጫወቱን እዩ።