ወደ ጡረተኞች መንደር መቼ እንግባ? ስንወስን የምንሠራቸው ስህተቶች

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በስደት አሜሪካ የገባው ትውልድ ዛሬ ጡረታ ላይ ነው። ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ሠርቶ፣ ልጆች አስተምሮ ቤት የገዛው ሰው አሁን ደረጃ መውጣት እየከበደው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የጡረተኞች መንደሮች አሉ። የኛ ሰዎች ቦታዎቹን ከውስጥ ያውቋቸዋል፤ በነርስ ረዳትነትና በኩሽና ስንቱ ሠርቶባቸዋል። ለራሳችን ወይም ለወላጆቻችን ሲሆን ግን ወይ ጨርሶ አናነሳውም፣ ወይ ከረፈደ በኋላ እንሯሯጣለን።

እስኪታመሙ መጠበቅ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። "ገና ነኝ፣ ሲያቅተኝ እገባለሁ" ይባላል። ሲያቅት ግን አያስገቡም። እነዚህ መንደሮች ብዙውን ጊዜ ሦስት ደረጃ አላቸው፦ ራስን ችሎ የሚኖርበት አፓርታማ፣ በመታጠብና በመልበስ የሚረዱበት አሲስትድ ሊቪንግ፣ ከዚያም ነርሶች ሌት ተቀን የሚንከባከቡበት ነርሲንግ ሆም። የዕድሜ ልክ እንክብካቤን የሚያካትተው ውል የሚፈረመው በመጀመሪያው ደረጃ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ጤና ይታያል። የመርሳት በሽታ ወይም ፓርኪንሰን ከተገኘ ብዙዎቹ አይፈርሙም። ውሉ ወደፊት ለሚመጣ ሕመም እንጂ ለመጣው አይደለም። ስለዚህ ማሰብ ያለብን "ገና ነኝ" በምንልበት ዕድሜ ነው።

በዚያ ላይ ወረፋ አለ። ተፈላጊ በሆኑት ቦታዎች ዓመታት ይጠበቃል። ለመመዝገብ ማስያዣ ይከፈላል፤ ብዙ ቦታ ተመላሽ ነው። ተራ ሲደርስ "አሁን አልፈልግም" ብሎ ቦታን ሳያጡ ማሳለፍ የሚቻልባቸውም አሉ። ስትመዘገቡ ይህን ጠይቁ። መመዝገብ መግባት አይደለም።

ባልና ሚስት ከሆኑ መዘግየቱ የበለጠ ይጎዳል። አንዳቸው ከታመሙ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ የሚቀበል ማግኘት ይከብዳል። በጤናቸው ከገቡ ግን አባት ወደ ነርሲንጉ ቢዛወሩ እንኳ እናት በእግራቸው ሄደው አብረው ምሳ ይበላሉ። ለኔ ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው።

"ሰው ምን ይላል" ብሎ መወሰን

"ወልዳ ወልዳ ሰው እጅ ወደቀች" መባልን እንፈራለን። ግን ልጆች ሁለት ሥራ ሲሮጡ፣ መኪና የማይነዱ እናት ቀኑን ሙሉ ቤዝመንት ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ። ይህን መጦር ለማለት ይቸግረኛል። ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ ልጆች በስልክ ተማክረው፣ ጨርሰው፣ ለወላጅ በመጨረሻ መንገር። ቦታውን መጎብኘት፣ እዚያ ምሳ መብላት፣ ከተቻለም ጥቂት ቀን አድሮ ማየት ያለባቸው ራሳቸው ናቸው። እምቢ ካሉም እምቢታቸው ይከበር።

"ለትርፍ ያልተቋቋመ" ማለት ነፃ ወይም አስተማማኝ ነው ብሎ ማመን

ነፃ አይደለም። ብዙዎቹ ሲገባ ጠቀም ያለ የመግቢያ ገንዘብ፣ ከዚያም በየወሩ ክፍያ ይጠይቃሉ። መግቢያውን አብዛኛው ሰው ቤቱን ሸጦ ነው የሚከፍለው። ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን አለመኖሩ መልካም ነው። ከኪሳራ ግን አያድንም። ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ ያለው ሃርበርሳይድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆኖ ሳለ በ2014፣ በ2021 እና በ2023 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄዷል። ከከፈሉት የመግቢያ ገንዘብ ብዙው ሳይመለስላቸው የቀሩ ቤተሰቦች አሉ።

ስለዚህ ሒሳባቸውን እዩ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች በየዓመቱ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የሚያስገቡት ፎርም 990 ለሕዝብ ክፍት ነው። በኦዲተር የታየውን ሒሳብ፣ ስንት ክፍል ባዶ እንደሆነ፣ ወርሃዊ ክፍያው ባለፉት ዓመታት ምን ያህል እንደጨመረ ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ የሚቆጣጠራቸው የግዛቱ የአረጋውያን መሥሪያ ቤት ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ የኢንሹራንስ ቢሮው። እዚያም ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

ውሉ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ነው። በ"ኤ" ዓይነት ውል ኋላ ነርሲንግ ቢገባም ወርሃዊው ክፍያ ብዙም አይለወጥም፤ መግቢያው ግን ይወደዳል። በ"ሲ" መግቢያው ይቀንሳል፣ እንክብካቤው ሲመጣ ግን በገበያው ዋጋ ይከፈላል። "ቢ" መሃል ላይ ነው። መግቢያው "90 በመቶ ተመላሽ" የሚል ካለ፣ መቼ እንደሚመለስ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ክፍሉን ሌላ ሰው እስኪይዘው ይጠበቃል። ሽማግሌ ጠበቃ ሳይሆን የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ ያንብበው።

ሜዲኬር ይሸፍናል ብሎ መተማመን

አይሸፍንም። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የፌዴራል የጤና መድን፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው በነርሲንግ ቦታ እስከ 100 ቀን ይከፍላል። ሙሉውን የሚከፍለው የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ብቻ ነው። ማልበስ፣ ማጠብ፣ ማብላት ብቻ ለሚያስፈልገው ለረጅም ጊዜ አይከፍልም። ሜዲኬይድ የሚባለው ሌላው የመንግሥት መድን ገቢውና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው የነርሲንግ ሆም ይከፍላል። ነገር ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ንብረት ለሌላ ተላልፎ እንደሆነ ያለፉትን አምስት ዓመታት መለስ ብሎ ያያል። ቤቱን በልጅ ስም አዙሮ ወዲያው ማመልከት ጣጣ ያመጣል።

ገንዘብ ከሌለ መንገድ የለም ማለት

አለ። ከ1959 ጀምሮ ሴክሽን 202 የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የአረጋውያን አፓርታማ እንዲሠሩ ይደግፋል። ዕድሜው 62 የሞላና ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ያመለክታል፤ ኪራዩ ከተስተካከለ ገቢ 30 በመቶ ገደማ ነው። ነርስ የለበትም፣ ራስን ችሎ የሚኖርበት የኪራይ ቤት ነው። እዚህም ወረፋው ረጅም ስለሆነ 62 ሲሞላ በብዙ ሕንፃዎች ላይ መመዝገብ ይሻላል። አድራሻ ሲቀየር ለሁሉም አሳውቁ፤ ለላኩት ደብዳቤ መልስ ካላገኙ ከዝርዝር ይሰርዛሉ።

ቋንቋና ቡናን መርሳት

የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ያጡና ወደ አፍ መፍቻቸው ይመለሳሉ። ዛሬ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፉት አባት ነገ "ውሃ" የሚሉት በአማርኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ፈረቃ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ መኖሩን ጠይቁ። የጾም ምግብ ይሠራሉ ወይ? ለሙስሊሙስ ሐላል ምግብ? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያደርስ መኪና አለ? እጣን የጭስ ማንቂያውን ስለሚያስጮኽ፣ ቡና ማፍላት የት እንደሚፈቀድም ከመፈረም በፊት አጣሩ።