የደም ምርመራው «ኔጌቲቭ» ቢልም ፋይሉን አትዝጉ

ሜሪላንድ ውስጥ የኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ክፍል ነርስ ነኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር በዘር እየመጣ እንደሆነ ሊያጣሩ የተመረመሩ ወገኖቼ ወረቀቱ «ኔጌቲቭ» ሲላቸው እፎይ ይላሉ። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ወረቀት እንዲያዩ እለምናቸዋለሁ።

እሱም የታመመው ሰው ዕጢ የፓቶሎጂ (የናሙና ላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት ነው። እዚያ ላይ ኤም ኤል ኤች 1፣ ኤም ኤስ ኤች 2፣ ኤም ኤስ ኤች 6 እና ፒ ኤም ኤስ 2 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ፈልጉ። ሴል ሲባዛ የሚፈጠረውን የቅጂ ስህተት የሚያርሙት እነዚህ ናቸው። ኤም ኤስ ኤች 2 እና 6 ጎን ለጎን «ሎስ» ተብሎ ከተጻፈባቸው፣ ዕጢው ውስጥ የሉም ማለት ነው። ያኔ ሊንች ሲንድረም የሚባለው፣ በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ተጋላጭነት ይጠረጠራል።

ታዲያ ደሙ ለምን ኔጌቲቭ አለ? የተለመደው ምርመራ የዘረመሉን ፊደላት ነው የሚያነበው። ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ግን 10 ሚሊዮን ያህል ፊደላት የያዘ ቁራጭ ተገልብጦ ሊቀጠል ይችላል። ያኔ ኤም ኤስ ኤች 2ን የሚያሠራው ዘረመል የመጀመሪያዎቹ ሰባት ኤክሶኖች (የዘረመሉ ክፍሎች) ከቀሪው ይለያያሉ። ገጾቹ ሳይጎድሉ ግማሹ ተገልብጦ እንደተጠረዘ መጽሐፍ ነው፤ ብትቆጥሩት ሙሉ ነው። ይህ ግልባጭ በ2002 ተዘገበ፤ በ2014 ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ በቆየባቸው የአሜሪካ ቤተሰቦች ውስጥ ተገኘ። ሌላም አለ፤ ጎረቤቱ ኤፕካም የሚባለው ዘረመል ጫፉ ሲቆረጥ ኤም ኤስ ኤች 2ን ዝም ያሰኘዋል።

ስለዚህ የዘረመል አማካሪውን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ትልልቅ ቆረጣና ድግግሞሽ ታይቷል? ኤፕካምስ? ከኤክሶን 1 እስከ 7 ያለው ግልባጭስ?» የመጨረሻውን አስምሩበት። ቆረጣ የሚፈልገው ምርመራ ግልባጭን ላያይ ይችላል፤ ላቦራቶሪው ግልባጩንም መፈለጉን አረጋግጡ። ሁሉም ታይቶ ምንም ካልተገኘ፣ ለውጡ ዕጢው ውስጥ ብቻ የተፈጠረ ሊሆንም ይችላል። ይህንንም ዕጢውን በመመርመር ማጣራት ይቻላል።

የቤተሰብ ታሪክ ይዛችሁ ሂዱ። አገር ቤት ስትደውሉ «በካንሰር የሞተ አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ኧረ የለም፣ እግዜር ይጠብቀን» ትባላላችሁ። «አክስቴ፣ ጋሼን ምን ነበር ያመማቸው?» በሉ። «ኪንታሮት ነው፣ ደም ይፈሳቸው ነበር» ከተባላችሁ ጻፉት። ኪንታሮት የተባለው ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። የማህፀን ካንሰርም በዚሁ ዘር ስለሚመጣ፣ ማህፀኗ የወጣ ሴት ካለች ጠይቁ። ዕድሜ ካላስታወሱ «ሲያርፉ የመጨረሻ ልጃቸው ስንተኛ ክፍል ነበር?» ማለት ይረዳል። የእኛንና የፈረንጁን ዘመን አቆጣጠር አታደባልቁ።

ደም መጀመሪያ የሚሰጠው የታመመው ሰው ይሁን። በእሱ ላይ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የጤነኛ ልጁ ኔጌቲቭ ብዙም አይናገርም። ከታወቀ ግን ልጆቹና ወንድም እህቶቹ ያንኑ ብቻ ይመረመራሉ። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የተበላሸውን ኤም ኤስ ኤች 2 የወረሰ ኮሎኖስኮፒ ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱም ይደግማል። ያልወረሰው እንደማንኛውም ሰው ይከታተላል። ታማሚው አርፎ ከሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው የተቀመጠ የዕጢ ናሙና እንዳለ ሆስፒታሉን ጠይቁ። ቶሎ ጠይቁ፤ ለዘላለም አያስቀምጡትም።