አዲስ መኪና ላይ ፊልም ሲያስለጥፉ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያው ጭረት እስኪያርፍበት ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። ቀለሙን ከጭረት ለመጠበቅ መኪናው ላይ የሚለጠፈውን ግልጽ ፊልም የሚሸጠው ለጣፊም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ ጥቂት ነገር እንነጋገር።

የፋብሪካውን ላስቲክ እንደ መከላከያ መቁጠር። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ነጭ ላስቲክ የተሠራው ለመርከብና ለወደብ ጉዞ ነው። የአጎቴ ልጅ ግን «ዋጋ ከፍዬበታለሁ፣ አዲስነቷ ይታወቅ» ብሎ በኤሌክትሪክ መኪናው ላይ ዓመት ሙሉ አቆየው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ፀሐይዋ ሙጫውን አበሰለው። ሲነሣ በቁርጥራጭ ወጣ፤ ኮፈኑ ላይ የቀረው ሙጫ ካርታ ይመስል ነበር። መኪናዋ በገባች ሰሞን መላጥ ነበረበት።

ሴራሚክ ቀብቶ ከጠጠር ዳንኩ ማለት። ሴራሚክ (ቀለሙ ላይ የሚቀባው ፈሳሽ መከላከያ) ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን፣ ማለትም ጥቂት የሚሊሜትር ሺህኛ ብቻ ነው። ውሃ ያንሸራትታል፣ እጥበት ያቀልላል፤ ከገልባጭ መኪና የምትፈናጠር ጠጠርን ግን አይችላትም። ፊልሙ (ብዙዎች ፒፒኤፍ የሚሉት) ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ገደማ ስለሚሆን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ቀለም ራሱ ይወፍራል። መነሻውም በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮችን ተሽከርካሪ ክንፍ ከአሸዋ ለመጠበቅ የተሠራ ላስቲክ ነው።

ሙሉውን ካልሆነ ምንም ማለት። ገንዘብ በከንቱ የሚፈስሰው በዚህ ነው። ጠጠር የሚመታው የፊት ፓራውልቱን፣ የኮፈኑን አፍ፣ ፓራፋንጎውንና ስፖኪዮውን ነው፤ ጣሪያውን ማን ይወግረዋል? የአዳማን ፈጣን መንገድ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ፊቱን ያልብስ፤ ዋጋውን ያወጣለታል። ከቤት ቢሮ በመጨናነቅ ውስጥ የሚያዘግም ሰው ጠላቱ ጠጠር ሳይሆን አቧራ የጠገበ የላቫጆ ጨርቅ ነው፤ ለእሱ ንጹሕ ጨርቅ መግዛት ይቀድማል። የበር እጀታ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ማልበስ ግን ለሁሉም ይጠቅማል፤ ጥፍርና ቀለበት የሚፍቀው እሱን ነው። በከፊል ማልበስ እንከን እንዳለው አልክድም፤ በነጭ መኪና ላይ የፊልሙ ጠርዝ አቧራ ይዞ እንደ ክር ይታያል።

«ፊልሙ ራሱን በራሱ ይጠግናል» የሚለውን እንደ ተአምር መውሰድ። በሙቀት የሚጠፋው የእጥበት ጭረት ነው። በቁልፍ የተሰነጠቀ ፊልም አይገጥምም። ይህ ባሕርይም ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም እንጂ ፒቪሲ ከሚባለው ርካሽ ፕላስቲክ የተሠራው አይደለም፤ ፒቪሲ ቶሎ ይቢጫል፣ ጠርዙም ይሸሻል። የትኛው እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ቀለሙን ሳያስመረምሩ ማስለጠፍ። «ዜሮ ኪሎሜትር» የተባለ መኪናም በጉዞ ተጭሮ ዳግም የተቀባ ሊሆን ይችላል። በደንብ ያልያዘ ቀለም ፊልሙ ሲነሣ አብሮ ይላጣል። አስቀድመው የቀለሙን ውፍረት በመሣሪያ ያስለኩ። በቅርቡ የተቀባ ከሆነም ከመለጠፉ በፊት ጥቂት ሳምንታት ይታገሡ።

ስለ ምላጩ አለመጠየቅ። ፊልሙ በኮምፒውተር ተቆርጦ ይመጣል ወይስ መኪናው ላይ በምላጭ ይቆረጣል? እጁ ያልተፈታ ሠራተኛ ምላጩን ሲጫን ሊከላከልልዎ የመጣውን ጭረት ራሱ ያኖርልዎታል።

ከተለጠፈ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ላቫጆ አይውሰዱት። ከዚያ ወዲያም አጣቢው የውሃውን ግፊት ጠርዙ ላይ አቅርቦ እንዳይደግን ቆመው ይዩ።