የኮሌጅ ቡድን ሲደግፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማሊያ ማንም ይገዛል። የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን ደጋፊነት የሚለየው ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት በሚያደርጉት ነገርና ስታዲየም ውስጥ መቼ ጮኸው መቼ ዝም እንደሚሉ በማወቅዎ ነው። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ኖረው መደገፍ ከጀመሩ፣ ከእነዚህ ስህተቶች ይጠንቀቁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እዚያ ስላልተማርኩ ቡድኑ አይመለከተኝም» ማለት

የኔብራስካ ግዛት በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል የፕሮፌሽናል ሊግ፣ አንድም ቡድን የለውም። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን የሚጫወትበት የሊንከን ከተማው ሜሞሪያል ስታዲየም ግን ከኅዳር 1962 ጀምሮ ትኬቱ ተሸጦ ያላለቀበት ጨዋታ የለም፤ ቁጥሩ ከ400 ጨዋታ አልፏል። እርግጥ ትኬት ሊተርፍ ሲል ባለሀብቶች እየገዙ ያዳኑበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ከ2017 እስከ 2023 ቡድኑ 7 ዓመት በተከታታይ ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው በልጦ እያለ ሰዉ አልቀረም። በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ አልፎ የማያውቅ ገበሬም መካኒክም እዚያ ወንበር ላይ አለ። ዲግሪ የጠየቀው የለም።

ሲያሸንፉ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፉ «ተሸነፉ» ማለት

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ይህንን አጥንተው በ1976 አሳትመዋል። በ7 ዩኒቨርሲቲዎች ሰኞ ሰኞ ተማሪዎች የለበሱትን ሲመዘግቡ፣ ቡድኑ ካሸነፈ በኋላ የትምህርት ቤቱን ስም ወይም አርማ የያዘ ልብስ የሚለብሰው በዝቶ ተገኘ። ስለ ጨዋታው በስልክ ሲጠየቁም፣ ሲያሸንፉ «እኛ» የሚለው ይበዛል፤ ሲሸነፉ ይቀንሳል። ራስዎን መፈተን ከፈለጉ ቀላል ነው፦ በተሸነፉ ማግስት ያንኑ ኮፍያ አድርገው ሥራ ይግቡ።

በማይጮኽበት ሰዓት መጮኽ

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ቡድኑንም በቀጥታ ይጎዳል። ከአዲስ አበባ ስታዲየም የመጣ የጊዮርጊስ ወይም የቡና ደጋፊ 90 ደቂቃ ሙሉ መዝፈን ለምዷል። በአሜሪካ ፉትቦል ግን ይህ አይሠራም።

አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ 4 ሙከራ አለው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ አይቶ የታቀደውን ጨዋታ በድምፁ ይቀይራል፤ ከፊቱ ያሉት ግዙፍ ልጆችም ኳሱ የሚነሣበትን ምልክት ከእሱ አፍ ይጠብቃሉ። ድምፁ ካልተሰማ አንዱ ቀድሞ ይንቀሳቀስና 5 ያርድ ይቀጣሉ። ስለዚህ የሚጮኸው ኳሱ በተጋጣሚ እጅ ሲሆን ነው፤ በተለይ በሦስተኛው ሙከራ። የእርስዎ ቡድን ሲያጠቃ ደግሞ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። አዲስ ደጋፊ ግን ቡድኑ ወደ ጎል ሲጠጋ ደስታው ገንፍሎ በዚያች ሰዓት ይጮኻል፤ የራሱን ልጆችም ያስቀጣል።

ከ2024 ወዲህ በከፍተኛው ዲቪዚዮን አሰልጣኙ ለአንድ ተጫዋች በራስ ቁሩ ውስጥ በሬዲዮ መናገር ይችላል። ሬዲዮው የሚዘጋው እያንዳንዱ ሙከራ እስኪጀመር ወደ ታች በሚቆጥረው ሰዓት ላይ 15 ሴኮንድ ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ ኳርተርባኩ ያለው የራሱ ድምፅና የእጅ ምልክት ብቻ ነው። ትንፋሽዎን ለእነዚያ 15 ሴኮንዶች ይቆጥቡ፤ ኳሱ እስኪነሣ አያቋርጡ። ጥሩምባና ፊሽካ አብዛኛው ስታዲየም በር ላይ ይወስድብዎታል።

በቅርጫት ኳስም ደንቡ ተመሳሳይ ነው፦ ተጋጣሚ ፍሪ ትሮው (ከጥፋት በኋላ ያለ ተከላካይ የሚወረወር ኳስ) ሲወረውር ይጮኻል፣ የራስዎ ሲወረውር ዝም ይባላል።

ቦርሳና ቀለም ሳያዩ መሄድ

ብዙ ስታዲየሞች የሚያስገቡት ወለል ብሎ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቦርሳ ነው፤ የተለመደው ልክ 12 በ6 በ12 ኢንች ነው። የተለመደውን የእጅ ቦርሳ የያዘች እናት ተመልሳ መኪና ድረስ መሄዷ ነው። ልብስ ሲመርጡም የተጋጣሚን ቀለም አስቀድመው ይዩ።

ተጫዋቹን እንደ ባለዕዳ ማየት

ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት የዝውውር መዝገብ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ አለ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። አምና የወደዱት ልጅ ዘንድሮ ተፎካካሪ ቤት ሊገኝ ይችላል። ፍቅርዎ በአንድ ልጅ ላይ ብቻ ከቆመ በየዓመቱ ልብዎ ይሰበራል። ቡድኑን ይውደዱ፤ የሄደውን መርቀው ይሸኙ።

የከፋው ግን ውርርድ ነው። ገንዘብ የተበላ ሰው ሌሊት ተቀምጦ የ19 ዓመት ልጅ ስልክ ላይ ስድብ ይልካል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በ2024 በግለሰብ ተጫዋች ላይ የሚደረግ ውርርድ እንዲከለከል ግዛቶችን የጠየቁት ያለ ነገር አይደለም። ይህን የሚያደርግ ሰው ደጋፊ ሊባል አይገባውም። የኔብራስካ ደጋፊዎች ተጋጣሚው ቡድን ከሜዳ ሲወጣ፣ አሸንፏቸውም ቢሆን፣ አጨብጭበው በመሸኘት ይታወቃሉ።

ከፉትቦልና ከቅርጫት ኳስ ውጭ ያለውን መርሳት

ነሐሴ 30 ቀን 2023 ያው የኔብራስካ ስታዲየም ለሴቶች መረብ ኳስ 92,003 ሰው አስገብቷል። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን አገር አቋራጭ ሩጫ ነው። የመኸር ስፖርት ነው፣ አብዛኛው ውድድር በነፃ ይታያል፣ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሩጫ የሚገባው አበሻ እዚያ አለመገኘቱ ያሳዝናል።

ሲሄዱም ፊት ያለውን ሯጭ ብቻ አይከተሉ። ከእያንዳንዱ ቡድን የሚሮጡት ብዙውን ጊዜ 7 ናቸው፤ የሚቆጠርላቸው የመጀመሪያዎቹ 5 የገቡበት ደረጃ ነው። ይደመርና ትንሹ ድምር ያሸንፋል፤ ከ1 እስከ 5 ተከታትለው ከገቡ 15 ይሆናል፣ ከዚያ የሚያንስ የለም። ስድስተኛውና ሰባተኛው ነጥብ ባይቆጠርላቸውም ከተጋጣሚ አምስተኛ ቀድመው ከገቡ የእሱን ደረጃ ወደ ኋላ ይገፉታል። ዋንጫ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው አምስተኛው ሯጭ ላይ ነው። ስለዚህ መጨረሻው መስመር ላይ አይሰብሰቡ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ዳር ይዘው ይቁሙ፣ አምስተኛውን ቆጥረው ይለዩት፣ ከፊቱ ስንት የተጋጣሚ ማሊያ እንዳለም በስሙ ጠርተው ይንገሩት።