የሞርሞን ሚሲዮናዊ ሊሆን የተነሣ ልጅን እንዴት እንሸኝ? ለወሎ ቤተሰብ

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ለሁለት ዓመት ለአገልግሎት ልሄድ ነው» ሲል እናቴ አስቀድማ የጠየቀችው ደመወዙን ነበር። ደመወዝ የለውም አላት። «ትምህርት ነው?» አይደለም። «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?» ልጁ ሊያስረዳ ሞከረ፤ እኛም ደሴ ቁጭ ብለን ግማሹን ሰማን፣ ግማሹን ሳንሰማ ቀረን። ከዚያ ወዲያ ስንሳሳትና ስንታረም ያወቅነውን ነው እዚህ የማሰፍረው። እምነቱን ልሰብክም ልነቅፍም አልተነሣሁም፤ የዚያ ቤተክርስቲያን ሰው አይደለሁም። ወሎ ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት ማደሩ የተለመደ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ግን የቡናውም የለቅሶውም ወግ ስለሚነካካ አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

መጀመሪያ፣ ልጁን የሚልከው ማን እንደሆነ ይወቁ

ሞርሞን የሚለው ቅጽል ስም መጽሐፈ ሞርሞን ከሚሉት መጽሐፋቸው የመጣ ነው። ቤተክርስቲያኗን ጆሴፍ ስሚዝ በኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1830 አቋቋማት፤ ዋና መቀመጫዋ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ከ2018 ወዲህ መሪዎቿ ቅጽል ስሙ ቀርቶ ሙሉ ስሟ፣ ማለትም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን የሚለው፣ እንዲጠራ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ልጁ ሲመጣ አንድ ጊዜ እንኳ በሙሉ ስሟ ይጥሩለት። ደስ ይለዋል።

የሚሄድበትን አገር የሚመርጠው ራሱ አይደለም። የጤናና የጥርስ ምርመራ አድርጎ፣ ከአጥቢያው መሪ ጋር ተነጋግሮ ያመለክታል፤ ጥሪው አገሩና ቀኑ ተጽፎበት ይመጣለታል። ወንዶች 24 ወር፣ ሴቶች 18 ወር ያገለግላሉ። ወጪውን የሚሸፍኑት ራሱና ቤተሰቡ ሲሆኑ አቅም ለሌለው ቤተክርስቲያኗ ታግዛለች። «ውጭ ሄደ፣ እንግዲህ ይልክልናል» ብሎ ተስፋ ያደረገ ዘመድ ካለ ሳይውል ሳያድር ይነገረው። የእኛዎቹ ሁለት ነበሩ።

እናቴን ያለዘባት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥር 19 ቀን 1977 እሑድ፣ በፈረንጆቹ ጥር 27 ቀን 1985 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባሎቿ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ብለው ጾመው የምግባቸውን ገንዘብ ሰጥተዋል፤ የተሰበሰበውም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሰባ ሰባትን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እናቴ ኮረም ላይ ያየችውን እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገረችንም። «ጾመው ነው የሰጡት?» አለች ደጋግማ። ዛሬም በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ትተው ገንዘቡን ለድሃ እንደሚሰጡ ልጁ ሲነግራት በወር አንድ ቀን እንዴት ጾም እንደሚባል ገረማት፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ «እነዚያ ሰዎች» ማለቷን ተወች።

ሁለተኛ፣ የሽኝቱን ቀን ከልጁ ጋር ይቁረጡ

ከመሄዱ በፊት አንድ መሪ በራሱ ላይ እጁን ጭኖ ለአገልግሎት ይለየዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሚሲዮናዊ ነውና የሚሲዮናዊ ሕግ ይይዘዋል፤ ብቻውን አይወጣም፣ ፊልም አያይም፣ የሴት ጓደኛ አይዝም። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የሥልጠናቸውን የመጀመሪያ ክፍል ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ይወስዳሉ። ስለዚህ አክስቶቹ ይሰብሰቡ፣ እስክስታው ይውረድ፣ ይመረቅ የሚሉ ከሆነ ሁሉም ከዚያ በፊት ይለቅ። እኛ ሳናውቅ ከተለየ በኋላ ላለው ቅዳሜ ጠርተን፣ በጉ ከተገዛ በኋላ ቀኑን ልንመልስ ተገደድን። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይታሰብም።

ሦስተኛ፣ ቡናው

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ፤ ቅያሜ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ሞርሞኖች ቡናና ሻይ አይጠጡም፤ አልኮልና ትምባሆ አይነኩም። ትእዛዙ ከ1833 ጀምሮ ያለ ነው። ሱስ የሚያሲዝ ነገር ሁሉ ስለሚከለከል ጫቱም አብሮ ይቀራል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡና የሚጠጣ ነገር ብቻ አይደለም። ዱዓውም ምርቃቱም፣ እርቁም ወሬውም የሚያልፈው በሲኒ ነው። አቦል ላይ ተቀምጦ ሲኒ የማያነሣ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል። እናቴ ጀበናውን እንዳወረደች ልጁ «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» ሲል ቤቱ ጸጥ ያለው ለዚህ ነው።

መላው ቀላል ነው፤ እኛ ግን ሦስት ቀን ፈጀብን። ከቡናው ሥነ ሥርዓት አያውጡት። ረከቦቱ ሲዘረጋ ይቀመጥ፣ ዕጣኑ ይጨስ፣ ቆሎውን ይቆርጥም፣ ሲመረቅ እጁን ዘርግቶ አሜን ይበል። ከእነዚህ አንዱም አልተከለከለበትም። ለእሱ በዚያው ሲኒ፣ በዚያው ተራ ወተት ይቅዱለት፤ ሲኒው ይበቃል፣ ውስጡን ማንም አያይም። ጦስኝ በሙቅ ውሃም ይሆናል፤ የተከለከለው የሻይ ቅጠሉ ነውና። ያልቦካ የማር ብርዝም ጥሩ ነው። ቡቅሪንና ቃሪቦን ግን ይጠንቀቁ፤ አልኮል የለበትም ብለው ያቀረቡት ሲያድር ራሱን ጠላ ማድረግ ይችላል። «አሸሩን (የቡናውን ገለባ) ነው እንጂ ፍሬውን አይደለም» የሚለው ማባበያም አይሠራም፤ አክስቱ ሞክራዋለች።

አንድ ነገር ልጁንም እንምከረው። «ክልክል ነው» ከሚል «እምዬ፣ ስለቴ ነው» ቢል ይሻለዋል። ስለት ያለበትን ሰው ወሎ አያስገድድም።

አራተኛ፣ ሻንጣው

ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ክራቫትና ከሁሉም በላይ ጠንካራ ጫማ። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ነው የሚዞረው፤ የደሴውን ጦሳ ተራራ በየቀኑ ወጥቶ እንደ መውረድ ያስቡት። ጫማውን አይቆጥቡ። በሶና ቆሎ ይያዝ፤ በርበሬ ግን በሸሚዞቹ መካከል አይቀመጥ።

አምስተኛ፣ ውሎውንና ሰዓቱን ይወቁ

የእኛ ልጅ የተላከው ኡጋንዳ ነበር። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን በፈረንጅ ስለሆነ «ስድስት ተኩል ላይ እነሣለሁ» ሲላት እናቴ እስከ እኩለ ቀን የሚተኛ መስሏት በጣም አዘነች። ስድስት ተኩል ያለው በእኛ ከንጋቱ 12:30 ነው። ለቤተሰቡ እንዲህ ብዬ ግድግዳ ላይ ጻፍሁላቸው፦ 12:30 ይነሣል፤ ለግማሽ ሰዓት ስፖርት ይሠራል፤ ቁርስ በልቶ መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር መጻሕፍቱን ያጠናል። ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይወጣል። ከምሳ በቀር እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያስተምራል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ለችግረኛ ጉልበቱን ያውሳል። ማታ የነገውን አቅዶ 4:30 ይተኛል። እያንዳንዱ የአካባቢ መሪ ሰዓቱን ወዲህ ወዲያ ሊያደርገው ይችላል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ጓደኛው ያልኩት ቤተክርስቲያኗ የምትመድብለትን ሌላ ሚሲዮናዊ ነው። ሁለቱ አይለያዩም፤ አንድ ቤት ያድራሉ፣ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ። ልጁ አይመርጠውም፤ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ በሚደረገው ዝውውር ሊቀየርም ይችላል። የጓደኛውን ስም ይጠይቁና በሚቀጥለው ስልክ «እሱስ እንዴት ነው?» ይበሉ። ከዚህ የተሻለ ድጋፍ አላውቅም፤ ከማይስማሙት ሰው ጋር ሌት ተቀን መኖር ከእግር ጉዞው ይከብዳልና።

ስለ ስሙም ልንገርዎ። ደረቱ ላይ በሚለጥፋት ጥቁር ሰሌዳ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከፊቱ ለወንድ «ኤልደር» ይደረግበታል። ትርጉሙ ሽማግሌ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሽማግሌ መባሉን ስንሰማ ለእርቅ እንልክሃለን ብለን ሳቅንበት። የወሎን ስም ደግሞ ያውቁታል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይማም፣ ሰይድ፣ አሊ ይባላል። የአያቱ ስም ይማም የሆነ የሞርሞን ሚሲዮናዊ «ኤልደር ይማም» እየተባለ ካምፓላ ላይ ሲዞር ያስቡት፤ ይህን የሚያመጣ ሌላ አገር አላውቅም።

ከሥራው ሁሉ የከበደው በር ላይ መመለሱ ነበር። «ቤቶች!» ላለ ሁሉ «ግቡ!» በሚባልበት አገር ያደገ ልጅ በቀን አሥር ጊዜ በር ሲዘጋበት ይደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፁ ቢቀዘቅዝብዎ ምክንያቱ ምናልባት ይኸው ነው። ተመለስ አይበሉት፤ የትኛው ሰው ውሃ እንዳጠጣው ይጠይቁት። ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም።

ስድስተኛ፣ ስልኩ

በሳምንት አንድ ቀን የመሰናዶ ቀን አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ነው። ልብስ የሚያጥበው፣ አስቤዛ የሚገዛው፣ ቤተሰብ የሚያናግረው በዚያ ቀን ነው። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ስልክ የሚፈቀደው በዓመት ሁለቴ፣ በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ ዛሬ በየሳምንቱ ሆኗል። እናቴ ይህን ስትሰማ ስሙን ለማታውቀው ለዚያ ለወሰነው ሰው ዕድሜ ለመነችለት። የእኛ ችግር አክስቱ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ መሆኗ ነበር፤ ስለዚህ ጥሪውን ከገበያ መልስ ወደ 11 ሰዓት አደረግነው። እርስዎም አንድ ሰዓት ቆርጠው ይያዙ። አሥር ሰው በአንድ ስልክ ከሚጮህ ተራ ይውጣ።

ሰባተኛ፣ ሳይጨርስ ቢመለስ

በጤና፣ በጭንቀት ወይም በሌላ ምክንያት አቋርጠው የሚመለሱ አሉ። ጎረቤት ምክንያቱን ለማወቅ አይተኛም። «መጥቷል» ይበሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የለብዎትም።

መርዶ

ይህን እንደ ደረጃ አልቆጥረውም፤ ግን ሳይነጋገሩበት አይሸኙት። ሚሲዮናዊ ዘመድ ሲሞትበት መመለስ ፈጽሞ ባይከለከልም፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆያል። ለወሎ ሰው ይህ ከቡናው አሥር እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እንንገርህ ወይስ እንያዘው?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መልሱን ልብ ይበሉ። የሚያገለግልበትን የሚሲዮን ፕሬዚዳንት ስልክም ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለብዙ ወጣቶች ኃላፊ የሆነው ሰው እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ታላቅ ወንድሜ አረፈ። ልጁ «ንገሩኝ» ብሎ ነበር። እኔ ወዲያውኑ ልደውል ስል እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፤ መርዶ በስልክ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ አይነገርም አለች። ለፕሬዚዳንቱ ደወልን። ደንባችንን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳሁት፦ ማለዳ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ሰው አብሮት ሆኖ። ሰውየው አላቅማማም። በማግሥቱ ሳይነጋ ከሚስቱ ጋር ሄዶ ነገረው። ያን ቀን ጓደኛው አብሮት ተቀምጦ ዋለ፤ እኛም ሰኞ እስኪደርስ ሳንጠብቅ በስልክ እንድናለቅስ ተፈቀደልን።

ሲመለስ ደግሞ እርሙን ያውጣ። እኛ ድግሱን ለሁለት ቀን አዘገየነው። ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ መቃብሩ ወሰድነው፤ ከዚያ ሟቹ ቤት ገባ፣ አለቀሰ፣ ዘመድ አዝማድ ከበበው። ሲመሽ እናቴ ቡናውን አፈላች። ማንም ሳያስታውሳት ወተቱን በሲኒ ቀድታ ከአቦሉ ጋር ሰጠችው።