ባህሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የዌልሷ ፔምብሩክሺር ዳርቻ ላይ እንዴት ይዋላል?

ጫማዬን ባህር ወስዶብኛል። ቴንቢ ከተማ ነው፣ ካስል ቢች የሚባለው አሸዋ ላይ። ከፊት ለፊት ሴንት ካትሪን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። አናቷ ላይ በ1860ዎቹ መጨረሻ ግንባታው የተጀመረ ምሽግ ጉብ ብሏል። ባህሩ ሸሽቶ ስለነበር ዙሪያዋ አሸዋ ብቻ ነው። ጫማዬን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ በባዶ እግሬ ተሻገርኩ። ሸርጣን ስፈልግ፣ ፎቶ ሳነሳ ቆየሁ። ዞር ስል ጫማውም የለም፣ ድንጋዩም የለም። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ወጣሁ፤ የቀረውን ቀን በርካሽ ነጠላ ጫማ ዋልኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ሐይቅ እያየ ያደገ ሰው ውሃ በአንድ ከሰዓት ቦታውን ይለቃል ብሎ አያስብም። እኛ የምናውቀው በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድለውን ነው። የዌልስ ባህር ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ቴንቢ ላይ ልዩነቱ አንዳንድ ቀን ከ7 ሜትር ያልፋል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል ማለት ነው።

ፔምብሩክሺር የዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ናት። ከ1952 ጀምሮ ዳርቻዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ገደሉን ተከትሎ የሚሄደው የእግር መንገድ 299 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሁሉንም ልይ ያለ አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። እኔ ከብዙ ምልልስ በኋላ የምሄድበት አካሄድ ይህ ነው።

1. የባህሩን ሰዓት እዩ

ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት፣ ምን እንደምትለብሱ ከማሰባችሁም በፊት፣ የምትሄዱበትን ቀን የባህር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ፈልጉ። ስልክ ላይ በነጻ ይገኛል። በየወደቡ ሱቅም ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ ይሸጣል። የምትፈልጉት ሁለት ቁጥር ነው፦ የሞላበት ሰዓትና የጎደለበት ሰዓት።

ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ ቀን 7 ሰዓት ላይ የጎደለው ነገ 8 ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወልድ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል።

እዚህ ጋ እኛን የሚያጋጥመን አንድ ወጥመድ አለ። ሰንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ይህ ግልጽ ነው። ግን አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ይታተማል። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከሆነ 1 ሰዓት መጨመር አለባችሁ። ወደ እኛ አቆጣጠር መገልበጥ ስትጨምሩበት ነገሩ ይምታታል። ለሽማግሌዎች «4 ሰዓት ላይ አሸዋው ላይ እንገናኝ» ብላችሁ ከሆነ ደግማችሁ አስረዱ።

መርከበኞች የሚሠሩበት አንድ ስሌት አለ። ባህሩ ለመሙላት ከሚፈጅበት 6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ውሃ የሚመጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ሰው ይዘናጋል፣ ከዚያ ይፈጥናል። እኔን ያታለለኝም ይኸው ነው። ወደ ደሴት ወይም በገደል ሥር የምትሄዱ ከሆነ ባህሩ እየሸሸ ሳለ ውጡ፣ መመለስ ሳይጀምር ተመለሱ።

2. ወሩን ምረጡ

ፓፊን የምትባለዋን ወፍ ለማየት ከኤፕሪል እስከ ጁላይ። የአቆስጣ ግልገል ለማየት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር። አቆስጣ ማለት ዘጸአት ላይ ስለ ድንኳኑ ሲነበብ ቁርበቱን የምንሰማው እንስሳ ነው፤ እንግሊዞቹ ሲል የሚሉት። ለመዋኘት ከሆነ ኦገስት ጥሩ ነው፣ ግን እንግሊዝ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። የኔ ምርጫ ጁን ነው። ትምህርት ቤት አልተዘጋም፣ ፀሐይ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የምትጠልቀው። አዎ፣ የማታ 3 ሰዓት ተኩል። ይህን በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

3. መድረስ

ከለንደን በመኪና 5 ሰዓት ያህል ያዙ። ኤም 4 የሚባለውን አውራ ጎዳና እስኪያልቅ ተከተሉ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ቀጥሉ። የሰቨርን ድልድይ ክፍያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ቀርቷል። ዌልስ ከገባችሁ በኋላ መንደርና ከተማ ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ በመደበኛነት 20 ማይል ነው። አስፋልቱ ላይ «አራፍ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎ ታያላችሁ፤ በዌልስኛ «ቀስ» ማለት ነው። እኛ ቤት «አረፍ በሉ» እንደማለት ስለሚመስል ለማስታወስ አይከብድም።

ባቡር እስከ ቴንቢ ከተማ ድረስ ይገባል። ቴንቢ ለመዋል ብቻ ከሆነ መኪና አያስፈልግም። ለሌላው ግን ያስፈልጋል፣ ወይም በፈረንጆቹ በጋ በዳርቻው የሚመላለሱትን ትንንሽ አውቶቡሶች መጠበቅ ነው። ገጠሩ ላይ ፌርማታ ሳይኖር እጅ ስታወጡ ይቆማሉ።

4. አንድ ማዕዘን ብቻ ያዙ

ትልቁ ስህተት ጠዋት ቴንቢ፣ ከሰዓት ሴንት ዴቪድስ ማለት ነው። ካርታው ላይ ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ትራክተር አለ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለአንድ ቀን አንድ ማዕዘን ይበቃል። ሦስቱን ልንገራችሁ።

የቴንቢ ቀን ለልጆችና ለአያቶች ይመቻል። ወደቡ ዙሪያ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ የተቀቡ ቤቶች ተደርድረዋል። የድሮው የከተማ ቅጥር አሁንም ቆሟል። የሒሳብን የእኩል ምልክት በ1557 በመጽሐፉ ያስተዋወቀው ሮበርት ሬኮርድ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። «እኩል ነው» እያለ መድገም ስለሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመር አሰመረ። ልጆቻችሁ ሒሳብ የሚጠሉ ከሆነ የሚወቅሱትን ሰው ያገኛሉ።

ከወደቡ ወደ ካልዲ ደሴት በጀልባ 20 ደቂቃ ነው። ከ1929 ጀምሮ ሲስተርሲያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ይኖሩባታል። ቸኮሌትና ሽቶ ይሠራሉ። ጀልባው ከፋሲካ ሰሞን እስከ ኦክቶበር ይሠራል፤ እሁድ የለም። ባህሩ ሲሞላ ከወደቡ፣ ሲጎድል ከካስል ቢች አሸዋ ነው የሚነሳው። ጠዋት የተሳፈራችሁበትን ቦታ ማታ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ።

የደቡቡ ቀን ለሚራመድ ሰው ነው፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። ስታክፖል ኪ ላይ መኪና አቁሙ። ገደሉ ላይ ወጥታችሁ ግማሽ ማይል ያህል ሂዱ። አንድ የድንጋይ ግንብ ይገጥማችኋል፣ መሐሉ ላይ በር የመሰለ ቅስት አለው። በቅስቱ አልፋችሁ ደረጃውን ስትወርዱ ባራፈንድል የሚባለው የባህር ዳርቻ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። ከታች አሸዋ፣ ከኋላ ጥድ፣ ከፊት ባህር። ሱቅ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ውሃና ምሳ ካልያዛችሁ ውበቱ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆያችሁ።

ከዚያ ወደ ሴንት ጎቨን ጸሎት ቤት ሂዱ። ይህን ቦታ ሳላይ ዌልስን አየሁ ማለት አልችልም ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሙ ምንም አይታይም። የድንጋይ ደረጃ ወደ ታች ይወስዳችኋል፤ ቁልቁል ስትቆጥሩና ሽቅብ ስትቆጥሩ ቁጥሩ አይገጥምም ይላሉ። እኔ አንድ ተሳስቻለሁ፣ ግን ትንፋሼ አጥሮ ስለነበር ምስክርነቴ አይታመንም። ታች፣ ሁለት ዓለት መሐል፣ ከአንድ ጎጆ ብዙም የማትበልጥ የድንጋይ ቤት ተሰክታለች። አሁን የሚታየው ግንብ በአብዛኛው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቅዱስ ጎቨንን ወንበዴዎች ሲያሳድዱት ዓለቱ ተከፍቶ ሸሸገው፣ ወንበዴዎቹ ሲሄዱ መልሶ ከፈተለት ይባላል። የገባበት ስንጥቅ ውስጥ እጅ ስታስገቡ ግድግዳው ለስላሳ ነው፤ ስንት ሰው እንደዳሰሰው ይታወቃችኋል። ዝቅ ብሎ የጸበል ጉድጓድ ነበር፣ አሁን ደርቋል። እኔ ይምርሃነ ክርስቶስ ትዝ አለኝ። አሠራሩ አይመሳሰልም፤ ዓለት ሥር ሲገቡ የሚመጣው ጸጥታ ነው ያመሳሰለው።

ማስጠንቀቂያ፦ አካባቢው የጦር ሠራዊት የተኩስ ልምምድ ሜዳ ነው። ልምምድ ሲኖር መንገዱ ይዘጋል፣ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። የተኩስ ሰዓቱ ቀደም ብሎ ስለሚወጣ እዩት። ቅዳሜና እሁድ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው።

ሦስተኛው የሴንት ዴቪድስ ቀን ነው። ከተማ ብትባልም የነዋሪዋ ቁጥር ወደ 2,000 እንኳ አይደርስም፤ በብሪታንያ በሕዝብ ብዛት ትንሿ ከተማ እሷ ናት። የከተማነት ማዕረጓ የተመለሰላት በ1994 ነው። ካቴድራሏ ከ1181 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን ጎድጓዳ ሸለቆ ውስጥ ተደብቋል። የበሩን ግንብ አልፋችሁ ቁልቁል እስክታዩ ድረስ አይገለጥም። ውስጡ ስትገቡ ወለሉ ወደ መቅደሱ ሽቅብ ያዘነብላል፣ ዓምዶቹም ወደ ውጭ ዘመም ብለዋል። ዓይናችሁ አይደለም፣ እውነት ነው። በመካከለኛው ዘመን ሁለቴ እዚህ መሳለም አንድ ጊዜ ሮም እንደመሳለም ይቆጠር ነበር።

ከከተማው ወደ ባህሩ ትንሽ በእግር ወጣ ስትሉ የቅድስት ኖን ጸበል አለ። ኖን ከተማዋ በስሙ የተጠራችለት የቅዱስ ዴቪድ እናት ናት። እሱን ስትወልድ ምንጩ ፈለቀ ይባላል፣ ውሃውም እስካሁን አለ። ዴቪድ በዌልስኛ ዴዊ ነው፣ የኛው ዳዊት። እንጀራው ደረቅ ዳቦና ቅጠል፣ መጠጡ ውሃ ብቻ ነበር ይላል ገድሉ። በጾም ሰሞን ለሄደ ሰው ጥሩ አጽናኝ ነው።

ፓፊን ለማየት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ይቀርና ቀኑን ለስኮመር ደሴት ስጡ። ጀልባው ማርቲንስ ሄቨን ከሚባል ቦታ ይነሳል። የጎብኚው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ከሳምንታት በፊት ቦታ ያዙ፤ ሰኞ በአብዛኛው አይሠራም። ስትደርሱ ቀጥ ያለ አቀበት ደረጃ ይጠብቃችኋል፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። ወፏ የጭን ቁመት እንኳ የላትም። አፏ ላይ ቀጫጭን ዓሣ አግድም ደርድራ፣ በመንገዱ ላይ በእግራችሁ ሥር ታልፋለች፤ እናንተን ከቁም ነገር አትቆጥርም። ከመንገዱ አትውጡ። ቤቷ መሬት ውስጥ ያለ ጉድጓድ ነው፣ ስትረግጡት ይናዳል።

5. ስንቅና ልብስ

በጁላይም ቢሆን ጃኬት ያዙ። እኔ ጋቢ እይዛለሁ። ማታ ወደቡ ላይ ነፋሱ ሲነሳ የሚስቁብኝ ሰዎች ናቸው ጫፉን የሚለምኑኝ።

ዌልሽ ኬክ ቅመሱ። ዘቢብ ያለበት ጠፍጣፋ ቂጣ ነው፣ ምጣድ ላይ ነው የሚጋገረው። ምጣድ ያለው ሕዝብ ሌላ ቦታ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ቅቤ ስላለው የፍስክ ነው። በጾም ቀን ቺፕስ የምትበሉ ከሆነም በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤት በበሬ ሞራ ይጠብሳል። ዓሣውን ክፍት አድርጋችሁ አትያዙ። የባህር ወፎቹ ከኋላ ነው የሚመጡት።

ሳንቲምም ያዙ። አንዳንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ የስልክ ኔትወርክ ስለማይኖር በስልክ መክፈል አይቻልም።

6. ዝናብ ከጣለ

ይጥላል። ፔምብሩክ ቤተ መንግሥት ሂዱ፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 7ኛ በ1457 የተወለደው እዚያ ነው። ወይም ፊሽጋርድ። በ1797 ወደ 1,400 የፈረንሳይ ወታደር እዚያ አካባቢ ወርዶ በሁለት ቀን ውስጥ እጁን ሰጠ። ጄማይማ ኒኮላስ የምትባል የአካባቢው ሴት መንሽ ይዛ ወጥታ 12ቱን ማረከች ይባላል። ታሪኩ በ30 ሜትር ጥልፍ ላይ ተሠርቶ ከተማው ውስጥ ይታያል።

7. ውሃ ከመግባታችሁ በፊት

ቀይና ቢጫ ባንዲራ ባለበት መሐል ብቻ ዋኙ፤ ነፍስ አድን ሠራተኛ አለ ማለት ነው። ቀይ ብቻ ከሆነ አትግቡ። የሚጎትት ውሃ ከወሰዳችሁ ከእሱ ጋር አትታገሉ፤ ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሱ፣ ጩኹ። ከዳር ያለ ሰው 999 ደውሎ ኮስትጋርድ ይበል። እየዘለለ አይግባ።

ማታ ባህሩ ሲመለስ የቴንቢ ወደብ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ጭቃ ላይ ተጋድመው የዋሉት ጀልባዎች አንድ በአንድ ቀና ይላሉ። መጀመሪያ ትንሿ ትነቃነቃለች፣ ከዚያ ጎረቤቷ። ጫማችሁን ግን አጠገባችሁ አድርጉ።