መኪና ሲጎተት ውስጡ የቀረ የጦር መሣሪያ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጨመቀች ከተማ ስለሆነች መኪና ማቆሚያ አይገኝባትም። ሰኞ ገበያ ሲደምቅ ወይም የጥር ሠርግ ሲገባ፣ ከኩታበር፣ ከአምባሰል፣ ከቃሉ የሚመጣው ሰው መኪናውን ያገኘበት ዳር ያቆማል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱ ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይይዛል። ሠርግ ቤትም ሆነ ሆስፒታል ይዞት መግባት ስለማይችል ከመቀመጫ ሥር ትቶት ይወርዳል፤ ሲመለስ መኪናው ተጎትቶ ሄዷል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ደግሞ ነገሩ በአደጋ ይመጣል። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የተጋጨ ሰው እሱ ሐኪም ቤት፣ መኪናው ጣቢያ ግቢ ይገባል፤ መሣሪያው የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው አይኖርም።

እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥፋቱ መኪና ያለቦታው ማቆሙ፣ አንዳንዴም ያ እንኳን የለበትም። ሕጋዊ ባለመሣሪያውን ተጠርጣሪ የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ የሚሠራቸው ስህተቶች ናቸው።

ዝም ማለት

ከሁሉ የከፋው ይኸ ነው። «ነገ ቅጣቴን ከፍዬ መኪናዬን ሳወጣ መሣሪያውም አብሮ ይወጣል» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ጣቢያ የገባ መኪና ግን ሊፈተሽ ይችላል። ፖሊስ መሣሪያውን በራሱ ካገኘው «ባለቤቱ ለምን ደበቀው?» የሚለው ጥያቄ ከፈቃዱ ጥያቄ ይቀድማል። እርስዎ ቀድመው ከተናገሩ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ባለቤቱ አስታወቀ» የሚል ነው፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ኋላ የምትጠቅመውን ያህል ምንም አይጠቅምዎትም። መሣሪያው በመሐል ቢጠፋስ? ያልተናገሩለትን ዕቃ ነበረኝ ብለው ማስረዳት ይከብድዎታል።

ክሬኑ መኪናውን ገና እያነሳ ከደረሱ እጅዎን ወደ መቀመጫው ሥር አይስደዱ። ራቅ ብለው ይቁሙና ለፖሊሱ «ወንድሜ፣ መኪናው ውስጥ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለ፤ እርስዎ ባሉበት ይውጣልኝ» ይበሉ። የት እንዳለና ጥይት ይኑረው አይኑረው በግልጽ ይንገሩ። መኪናው ሄዶ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ቢመሽም እንኳ፣ ጣቢያ ሄደው ቃልዎ በዕለት ሁኔታ መዝገብ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመዘገበውን ሰው ማዕረግና ስም ይያዙ። ሐኪም ቤት ተኝተው ከሆነ ቤተሰብ ሄዶ ይናገር፤ መናገር ብቻ እንጂ ለመረከብ አይሞክር።

ዘበኛውን መለመን

ማታ ግቢው ዘንድ ሄዶ «እባክህ ትንሽ ዕቃ ላውጣ» ማለት፣ ለሻይ ብሎ ብር ማስጨበጥ፣ ወይም ልጅን መላክ። በዚህ መንገድ የወጣ መሣሪያ በእጅዎ ቢገኝ ጉዳዩ ከትራፊክ ቅጣት ወጥቶ ጉቦ መስጠትና በፖሊስ ይዞታ ሥር ያለ ዕቃ መውሰድ ይሆናል። ልጅዎን አይላኩ።

መኪናውንና መሣሪያውን አንድ ጉዳይ ማድረግ

መኪናው የትራፊክ ጉዳይ ነው፤ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የቅጣቱ ደረሰኝ ይጠየቃሉ። መሣሪያው ወደ መርማሪና ወደ ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ክፍል ይሄዳል፤ በራሱ መዝገብ፣ በራሱ ኃላፊ ትእዛዝ ነው የሚለቀቀው። መኪናውን ተረክበው ሲፈርሙ ወረቀቱ «በውስጡ ያለውን ንብረት ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ» የሚል ከሆነ፣ መሣሪያው ገና አለመመለሱን ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ሳይጽፉ አይፈርሙ።

ሌላም አለ። መሣሪያው የተሳፋሪ፣ መኪናው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ሊብሬ ያለው ሰው ለወዳጁ ብሎ «የኔ ነው» ቢል ውለታ የዋለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፈቃድ የሌለው መሣሪያ በራሱ ስም አስመዘገበ ማለት ነው። ባለፈቃዱ ራሱ ቀርቦ ይናገር።

ያለ ዝርዝር ወረቀት መመለስ

«ተይዟል፣ አታስብ» የሚል ቃል ወረቀት አይደለም። «አንድ ሽጉጥ» ብቻ የሚል ደረሰኝም ብዙ አይሻልም። የመሣሪያው ዓይነት፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር፣ የጥይቱ ብዛት፣ የካዝናው ብዛት፣ የነበረበት ሁኔታ፣ ከየት እንደተገኘ፣ የያዘው ፖሊስ ስም፣ ማዕረግና ፊርማ፣ የምስክሮች ፊርማና ቀኑ ይኑርበት። ቁጥሩን ከፈቃድዎ ጋር እዚያው ያመሳክሩ፤ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከተጻፈ ሲመለስ «ይኸ መሣሪያ ያንተ አይደለም» ይባላሉ። ጥይቱን የሚዘነጋው ሰው በጣም ብዙ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በግል ይዞታ ያለን ንብረት ያለ አግባብ ከመያዝ ስለሚጠብቅ፣ የተያዘብዎት ነገር ዝርዝሩ ይጻፍልኝ ማለት መብትዎ ነው፤ በትሕትና ይጠይቁት፣ ግን አይተዉት።

በፈቃዱ መተማመን

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ መያዝ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ፈቃዱ ግን ራሱ ሥራ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ዋናውን ፈቃድ መኪናው ኪስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መኪናው ሲጎተት ፈቃዱም አብሮ ይታሰራል። ፈቃዱ ከሰውዬው ጋር ይሂድ፣ ኮፒው ቤት ይቀመጥ። ጊዜው ማለፉን ከጣቢያው ጠረጴዛ ፊት ከማወቅ ዛሬ አውጥተው ይዩት። መታወቂያው «መሐመድ»፣ ፈቃዱ «ሙሐመድ» የሚል ከሆነም አሁኑኑ ያስተካክሉት።

«ግልባጩ ቢሮ አለ» ማለትም አያስተማምንም። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበረ ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ ይህ አገር ያውቀዋል።

በወሎ ገጠር መሣሪያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነገር ነው። ፈቃዱ ግን ለሰው በስሙ ይሰጣል እንጂ ከብረቱ ጋር አይወረስም። የሟች አባትዎን ፈቃድ ይዘው መሣሪያ ለመረከብ መሄድ ራስን ማጋለጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። የጸጥታ አካል መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስን በጊዜያዊነት ከልክሎ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ያላለፈ ፈቃድም ብቻውን አያድንም።

አበጋር ይዞ መሄድ

አበጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ደም ያስታርቃል፤ ክብሩ ትልቅ ነው። የአገር ሽማግሌ ይዞ ጣቢያ መሄድ ግን አዛዡን ያስጨንቀዋል እንጂ መዝገቡን አይዘጋውም። ሕጋዊ ንብረቱን በምልጃ የሚጠይቅ ሰው ፈቃድ የሌለው ያስመስለዋል። ከአደጋው በኋላ ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር ዕርቅ ካለ እዚያ ይውሰዷቸው፤ ለመሣሪያው ማመልከቻ ያስገቡ።

«ነገ ና» የሚለውን በቃል መቀበል

አንዴ በቃል ከተመለሱ ሁለተኛው በጽሑፍ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ መኪናው የተጎተተበት ቀንና ቦታ፣ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ «እንዲመለስልኝ፣ የማይመለስ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የሚል ጥያቄ። በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ይምታበት። መሣሪያው በወንጀል መዝገብ ኤግዚቢት ሆኗል ከተባሉ ጣቢያውን መጨቃጨቅ ይተዉ። የመዝገቡን ቁጥር ተቀብለው ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ክስ ተመሥርቶ ከሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ ኤግዚቢት የሚለቀቀው ከዚያ በሚወጣ ትእዛዝ ነው። መልስ ተነፍገው ከቆዩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ፍርድ ቤት የመሄድ በር ይከፍትልዎታል።

ሲመልሱልዎት መቸኮል

ደስ ብሎዎት ሳያዩ አይፈርሙ። ባዶ መሆኑ በፖሊሱ ፊት ይረጋገጥ፣ መለያ ቁጥሩ ይነበብ፣ ጥይቱ ይቆጠር፤ ጉድለት ካለ «ይህን ያህል ጎድሎ ተረክቤያለሁ» ብለው ይጻፉ። የተመለሰበትን ወረቀት ከፈቃዱ ጋር በደረት ኪስዎ ይያዙ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሄዱ ከሆነ ኬላ ላይ ይጠየቁበታል። ጥይቱና መሣሪያው ለየብቻ ይሁኑ፣ ገበያም ሆነ ለቅሶ ጎራ ሳይሉ በቀጥታ ቤት ይግቡ።